በአውራ ጣት የተያዘ ውሃ

ስትሮ ውሃ ውስጥ ክተቱ፣ የላዩን አፍ በጣት ድፈኑና አንሱት። ውሃው ውስጡ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጣታችሁን ስታነሱ ይፈስሳል። ካፌ ቁጭ ብሎ ይህን ያልሞከረ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሒሳብ እስኪመጣ ሌላ ምን ይሠራል? ለምን አይወድቅም ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዱ «ቫክዩም ስለተፈጠረ ነው» ይላችኋል፣ ሌላው «ውስጥ ያለው አየር ስቦ ስለያዘው» ይላል። ሁለቱም ስትሮው ውስጥ ነው የሚያዩት። እኔን ወደዚህ ታሪክ የጎተተኝ ይኸው ነው። ትልልቅ አሳቢዎች ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ልክ እንደዚሁ ወደ ውስጥ ሲያዩ ኖረዋል። ውሃውን የያዘው ነገር ግን ውጭ ነው ያለው።

ግሪኮች ክሌፕሲድራ የሚሉት ዕቃ ነበራቸው። ከላይ ጠባብ አፍ አለው፣ ከታች ደግሞ እንደ ወንፊት በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። ጋን ውስጥ ነክረው ሲሞላ የላዩን አፍ በአውራ ጣት ይደፍኑታል፣ ያነሱታል፣ በፈለጉበት ቦታ ጣታቸውን ለቀው ያፈሱታል። ስትሮ ማለት ነው፣ ወፈር ያለ ስትሮ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሲሲሊ ውስጥ የኖረው ኤምፔዶክለስ በዚህ ዕቃ የምትጫወት ልጅ በግጥሙ ውስጥ አስገብቷታል። ሊያስረዳ የፈለገው ስለ መተንፈስ ነበር። የሰጠው ምክንያት ግን ያስገርማል፦ ውጭ ያለው አየር ልግባ እያለ ከታች ቀዳዳዎቹን ይገፋል፣ ውሃውም መውጫ ያጣል።

ወደ ውጭ አየ ማለት ነው። ግን አየር ክብደት አለው አላለም፣ ቁጥርም አልሰጠም፤ ስለዚህ ሐሳቡ እዚያው ግጥሙ ውስጥ ቀረ። ከእሱ በኋላ የመጣው አርስቶትል ባዶ ቦታ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም ብሎ ደመደመ፤ ከዚህም «ተፈጥሮ ባዶነትን ትጸየፋለች» የሚለው አባባል በዘመናት ውስጥ ተበጀ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው አደላርድ ከታችም ከላይም ቀዳዳ ስላለው የእጅ መታጠቢያ ዕቃ ሲጽፍ ይህንኑ ነው የመለሰው፦ የዓለም ባሕርያት እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ቦታውን የሚለቀው ሌላው ሊተካው ሲችል ብቻ ነው። ውሃው ቢወርድ ከላይ ባዶ ይቀራል፣ ባዶ ደግሞ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ውሃው አይወርድም። በቃ።

በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስቅም። ይህ አባባል እኮ በደንብ ይሠራ ነበር። ክሌፕሲድራውን ያስረዳል፣ ፓምፕን ያስረዳል፣ ስንመጠው ወደ አፋችን የሚመጣውን መጠጥ ያስረዳል። ጀሪካን ዘቅዝቀን ስናፈስ ለምን ጉልጉል እንደሚል፣ ለዘይት ቆርቆሮ ለምን ሁለተኛ ቀዳዳ እንደምንበሳለትም ያስረዳል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ዓይነቱን ነገር ያውቀዋል፦ የገባለት ቁጥር ትንሽ እስከሆነ ድረስ ሁሉንም ቴስት የሚያልፍ ፈንክሽን። ማንም አይነካውም፣ ምክንያቱም እየሠራ ነው። የሚሰበረው ትልቅ ቁጥር የገባለት ቀን ነው።

ትልቁ ቁጥር የገባው በ1630 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የጄኖቫው ባሊያኒ 20 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ውሃን በቱቦ ለማሻገር የተሠራ ሲፎን አልሠራ ስላለ ለጋሊሌዮ ደብዳቤ ጻፈ። ውሃው ከ10 ሜትር ገደማ በላይ አልወጣ አለ። ጉድጓድ ላይ የሚሠሩ ፓምፖችም እዚያው ላይ ይቆማሉ። ታዲያ ተፈጥሮ ባዶነትን የምትጸየፈው እስከ 10 ሜትር ብቻ ነው? ከዚያ በኋላ ይለቃታል?

ጋሊሌዮ የመለሰው በገመድ ነው። ረጅም ገመድ ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት እንደሚበጠስ ሁሉ የውሃው ዓምድም ሲረዝም ይበጠሳል አለ፤ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉም ይህንኑ ደገመው። ልብ በሉ፣ አሁንም ወደ ቱቦው ውስጥ ነው የሚያየው። የሚገርመው ደግሞ በዚያው መጽሐፍ አየር እንዴት እንደሚመዘን ያስረዳል፦ ጠርሙስ ውስጥ አየር አምቆ አስገብቶ በሚዛን መዝኖታል። አየር ክብደት እንዳለው ያውቃል፣ ውሃው 10 ሜትር ላይ እንደሚቆም ያውቃል። ሁለቱን አላገናኛቸውም። ባሊያኒ ግን እዚያው 1630 ላይ በመልሱ ምናልባት ከላያችን ያለው አየር ክብደት ይሆን እንዴ ብሎ ጽፎለት ነበር።

በ1640ዎቹ መጀመሪያ ጋስፓሮ ቤርቲ ሮም ውስጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ረጅም የእርሳስ ቱቦ አቆመ፣ ውሃ ሞላው፣ ላዩን ዘጋ፣ ከዚያ ታቹን በርሜል ውስጥ ከፈተው። ውሃው ወርዶ ወርዶ 10 ሜትር ላይ ቆመ። ከላይ የቀረው ቦታ ምንድን ነው? ክርክሩ የጦፈው በዚህ ነው፤ በጊዜው «ባዶ» የሚለው ቃል ከሃይማኖት ትምህርትም ጋር የሚያጋጭ ነበር፣ ጋሊሌዮም በ1633 ተፈርዶበት በቤት እስር ያረፈው ገና በ1642 ነው።

በመጨረሻዎቹ ወራት ከጋሊሌዮ ጋር የነበረው ቶሪቼሊ ግን ጥያቄውን ወደሌላ ቦታ ወሰደው። በመጀመሪያ ውሃውን በሜርኩሪ ተካ። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 እጥፍ ስለሚከብድ 10 ሜትር የነበረው ወደ 76 ሴንቲሜትር ወረደ፤ ሙከራው ከግድግዳ ላይ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን አቆመ፦ አንዱ ወጥ የሆነ፣ ሌላው ጫፉ ላይ ትልቅ ኳስ ያለው። ሜርኩሪውን ከላይ ያለው ባዶነት ስቦ የሚይዘው ቢሆን ኖሮ፣ ትልቅ ባዶ ያለበት ቱቦ የበለጠ መሳብ ነበረበት። ሁለቱም እኩል ላይ ቆሙ። ስለዚህ ጉልበቱ ውስጥ የለም። በሰኔ 1644 ለወዳጁ ለሪቺ በጻፈው ደብዳቤ የሰው ልጅ የሚኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው፣ የምንለካውም የዚያን ባሕር ክብደት ነው ብሎ አስረዳ።

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እስካሁን ሐሳብ ነው። ባሕር ከሆነ ወደ ላይ ስንወጣ ጥልቀቱ መቀነስ አለበት። ይህን ለማየት ተራራ ያስፈልጋል።

ፈረንሳይ ውስጥ ብሌዝ ፓስካል ሩዋን ከተማ ላይ 15 ሜትር ያህል በሚረዝሙ የመስታወት ቱቦዎች ውሃና ወይን ጠጅ አወዳድሮ ነበር፤ ከውሃ የሚቀለው ወይን ከፍ ብሎ ቆመ። በኅዳር 1647 ደግሞ ክሌርሞን ከተማ ለሚኖረው ለእህቱ ባል ለፔሪዬ ጻፈ፦ ፑይ ደ ዶም የሚባለው ተራራ ላይ ሜርኩሪውን ይዘህ ውጣልኝ። ፓስካል ገና 24 ዓመቱ ነበር። (እኔ በዚያ ዕድሜ የሰው ኤፒአይ ዶክመንቴሽን ነበር የማነበው።) ፔሪዬ የወጣው ከአሥር ወር በኋላ፣ መስከረም 19 ቀን 1648 ነው። ገዳሙ ግቢ ውስጥ ከታች ለካ፦ 71 ሴንቲሜትር ገደማ። ወደ 1,000 ሜትር ያህል ወጥቶ ጫፉ ላይ ለካ፦ ከ63 ትንሽ ያንሳል። አላመነም፣ ደገመው። ቤተ ጸሎቱ ውስጥ፣ ውጭ፣ ነፋስ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፤ አምስት ጊዜ ለካ፣ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ስማቸው ብዙ የማይነሳ አንድ መነኩሴ አሉ፤ ሻስታን ይባላሉ። ሌሎቹ ተራራ ሲወጡ እሳቸው ከታች ሁለተኛ ቱቦ ተሰጥቷቸው ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ዋሉ። አየሩ ሲለዋወጥ ሜርኩሪውም እዚያው ታች ቢወርድ ኖሮ የተራራው ቁጥር ምንም አያረጋግጥም ነበር። ማታ ሲመለሱ መነኩሴው ያሉት አንድ ነገር ነው፦ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ለዚህ ሙከራ ሐውልት ብሠራ ኖሮ የማስቀምጠው ተራራ የወጣውን ሳይሆን ሻስታንን ነበር።

አሁን ወደ ስትሮው። ውስጡ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስትሮ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ቢይዝ፣ ውሃው 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከታች ያቺን ቀዳዳ የሚገፋት 220 ግራም ያህል በሚከብድ ጉልበት ነው። ጣታችሁ ሲነሳ ከላይም በዚያው ልክ ስለሚገፋ ይጣፋሉ፣ ክብደቱ ያሸንፋል፣ ውሃው ይወርዳል። ጣታችሁ ሲዘጋ ግን ከውሃው በላይ ትንሽ አየር ታምቆ ይቀራል። ውሃው ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ በላይ ዝቅ ይላል፣ የታመቀው አየር በዚያችው ልክ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ልክ 3 ግራሙን ሲያክል ሁሉም ነገር ይቆማል። ስትሮውን ስታነሱ አንዳንዴ አንዲት ጠብታ የምታመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዳዳው ጠባብ መሆኑም ዝም ብሎ አይደለም፦ ሰፊ ቢሆን አየር በአንድ ጎን ሰርጎ ሲገባ ውሃው በሌላው ይወጣ ነበር፤ ጠባብ ሲሆን ግን የውሃው ገጽ እንደ ስስ ቆዳ ተወጥሮ ይዘጋዋል። የክሌፕሲድራው ቀዳዳዎች ጥቃቅን የሆኑትም ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያልኩት ለይምሰል አይደለም። ፔሪዬ ላብ በላብ ሆኖ የወጣበት የፑይ ደ ዶም ጫፍ 1,465 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ፓስካል ተራራ የፈለገለትን ነገር እኛ አልጋችን ላይ ተኝተን እንኖረዋለን፦ የቶሪቼሊ ሜርኩሪ እዚህ 57 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፣ ውሃ በመምጠጥ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ አይወጣም፣ ማሰሮው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከባሕር ጠረፍ የመጣ የቺፕስ ከረጢት ሱቅ ውስጥ ፊኛ መስሎ የሚነፋውም በዚሁ ነው። ዳሎል ላይ፣ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ፣ ሜርኩሪው ከ76 ትንሽ ያልፋል፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 43 ገደማ ይሆናል።

የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም ቢበዛ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን አየር እንዲመስል ተደርጎ ነው የሚጠበቀው፤ የአዲስ አበባን ያህል ማለት ነው። ወደ ዱባይ የሚበር ሰው ሰማይ ላይ የጠጣበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥብቅ አድርጎ ከዘጋው፣ ሲያርፍ ተጨማድዶ ያገኘዋል። ሲመለስም እንዲሁ ዘግቶት ቦሌ ቢያርፍ ጠርሙሱ ያው እንደነበረ ነው።