ሰውንና ሞተርን ያሰረው ገመድ

ስለ ጀልባ የተጻፈ ታሪክ ያነበበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የጦር መርከብን ወይም አዲስ ምድር ፍለጋ የወጡ መርከበኞችን ነው። እኔ ዛሬ ለውድ አንባብያን የማቀርበው ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ባለታሪኮቹ አንድ የመድን ሻጭ፣ በመንጠቆ ፍቅር የተለከፉ ሰዎችና አንዲት አጭር ገመድ ናቸው። ትንሽነቱ ግን ሊያሳስተን አይገባም፤ የሰው ሕይወት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1967 የአላባማ ግዛት፣ የሞንትጎመሪ ከተማ ሰው የሆነው ሬይ ስኮት ሚሲሲፒ ውስጥ ጃክሰን ከተማ አጠገብ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ዝናቡ አላስቀመጠውም። ወደ ሆቴሉ ተመልሶ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ቴሌቪዥን ከፈተ፤ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት እዚያ ነው፦ ኳስ ተጫዋች ደንብ፣ ዳኛና ተመልካች ሲኖረው ዓሣ አጥማጅ ስለ ምን አይኖረውም? ስኮት በዚያን ጊዜ 33 ዓመቱ ነበር፤ እንጀራው የመድን ውል እየዞሩ መሸጥ። እኔም ከመስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝና፣ ይህ ታሪክ የጀመረው በቢሮ ሰው ራስ ውስጥ መሆኑ ደስ ሳያሰኘኝ አልቀረም።

የሚጠመደው ዓሣ ባስ ይባላል። ስሙን በእኛ ፊደል ስንጽፈው ከተሳፋሪ ማመላለሻው ባስ አይለይምና አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል። በተለይ የሚፈለገው አፈ ሰፊው ባስ ነው፤ አረንጓዴ ጀርባ፣ በጎኑ ጥቁር መስመር ያለው፣ በሰመጠ ግንድና በሣር መካከል አድፍጦ የሚያድን የጣፋጭ ውኃ ዓሣ። መንጠቆ ሲይዘው ከውኃው ወጥቶ አየር ላይ ይዘላል፤ ራሱን ያራግፋል። ሰዎች ሥራቸውን ጥለው የሚከተሉት ለዚያች ለአንዲት ዝላይ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

ስኮት የመረጠው ቦታ አርካንሶ ውስጥ የሚገኘውን ቢቨር ሐይቅን ነበር። ይህ ሐይቅ ኋይት የተባለው ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ የግድቡ ሥራ የተጠናቀቀው በ1966 ስለሆነ ውድድሩ ሲደረግ ገና አዲስ ነበር። አዲስ የተገደበ ውኃ ለዓሣ ገነት ነው፤ የሰጠመው ጫካ መጠለያም ምግብም ይሆነዋል። ለጀልባ ግን ያው ጫካ ወጥመድ ነው። ትናንት ዛፍ የነበረው ዛሬ ከውኃው ወለል በታች ጥቂት ዝቅ ብሎ የቆመ ጦር ነው።

በሰኔ 1967 ከ13 ግዛቶች 106 አጥማጆች ተሰበሰቡ። እያንዳንዳቸው የመመዝገቢያ 100 ዶላር ከፈሉ፤ በጊዜው በነበረው የእኛ ምንዛሪ 250 ብር መሆኑ ነው። (የባንክ ሰው ቁጥር አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም።) ያሸነፈው ከቴነሲ፣ ናሽቪል የመጣው ስታን ስሎን ነበር። ስኮት በማግስቱ ዓመት የባስ አጥማጆችን ማኅበር መሠረተ፤ መጽሔትም ማሳተም ጀመረ።

እኔን ከአሸናፊው ይልቅ የሚማርከኝ የውድድሩ ደንብ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የዓሣ ማጥመድ ውድድሮች በማጭበርበር ስማቸው ጎድፎ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ስለ ዓሣው ሲያወራ እንደማይታመን በየትኛውም አገር የታወቀ ነው። ስኮት ያሰበው መፍትሔ ቀላል ነበር። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን በዕጣ አገናኝቶ በአንድ ጀልባ አስቀመጣቸው። አንዱ ለሌላው ጓደኛም፣ ተቀናቃኝም፣ ምስክርም ሆነ። ሕያው ማባበያ ተከለከለ፤ በሰው እጅ የተሠራ ብቻ ተፈቀደ። በኋላ ዘመን የተካሄዱ ውድድሮች አሸናፊን በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ፊት እስከ ማስቀመጥ ደርሰዋል። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሁለት እንግዳ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲጠባበቁ የሚውሉበት ያ ጠባብ ጀልባ ለአንድ አጭር ልቦለድ የሚበቃ ቦታ ይመስለኛል።

ገንዘብና ሰዓት በገቡበት ቦታ ጥድፊያ ይከተላል። ጥሩው ዓሣ ያለበት ጥግ አንድ ነው፤ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ ይጠቀማል። በ1968 ፎረስት ውድ የተባለ ሰው አርካንሶ፣ ፍሊፒን በምትባል ትንሽ ከተማ ለዚሁ ስፖርት የሚሆኑ ሬንጀር የተባሉ ጀልባዎችን መሥራት ጀመረ። ጀልባዎቹ ዝቅ ያሉ፣ ሰፊ፣ ፈጣን ሆኑ። ሞተሩ ከዓመት ዓመት እያደገ በዛሬው ትልቅ ውድድር 250 የፈረስ ጉልበት ደርሷል፤ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። መንጠቆ ጥሎ መቀመጥ ጸጥታን የሚወድ ሰው ሥራ ነው ብዬ ለማምን ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ዓሣ ለመጠበቅ የወጣ ሰው እንደ ጥይት ሲወነጨፍ ማየት አልወድም፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ገመዷ ልምጣ። ፈጣን ጀልባ ማዕበል ወይም የሰጠመ ግንድ ሲመታው ነጂውን አሽቀንጥሮ ሊጥለው ይችላል። መኪና ቢሆን ሹፌሩ ከወደቀ ሄዶ አንድ ነገር ይመታና ይቆማል። ጀልባ ግን እንደዚያ አይደለም። መሪውን የያዘው እጅ ሲለቅ የፕሮፔለሩ ኃይል ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል፤ ባዶው ጀልባ ክብ እየሠራ መዞር ይጀምራል። እየዞረም ወደ ወደቀው ሰው ይመለሳል። ነጂው በገዛ ጀልባው ስለት ይመታል። አንድ ጊዜ ሳተው ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ሌላ ዙር አለ። ይህን የሞት ክብ ይሉታል። ባለቤቱን ፈልጎ የሚመለስ ነገር በእኛ ተረት ውስጥ ታማኝ ውሻ ነው፤ እዚህ ግን ፈልጎ የሚመለሰው ገዳይ ነው።

የገመዷ ሥራ ይህን ክብ መስበር ነው። አንዱ ጫፏ ከሞተሩ ማጥፊያ፣ ሌላው ከነጂው የሕይወት አድን ጃኬት ወይም ልብስ ጋር ይያያዛል። ሰውየው ሲወድቅ ገመዷ ተስባ ትነቀላለች፤ ሞተሩም ጸጥ ይላል። ምንም ምሥጢር የለውም። ስኮት በውድድሮቹ ላይ ይህች ገመድ እንድትታሰር፣ ትልቁ ሞተር በሚሠራበት ጊዜም ጃኬት እንዲለበስ ግዴታ አደረገ። አጥማጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ከውድድር መባረርን ይፈራል፤ እናም ለነፍሱ ሲል ያላደረገውን ለሚዛኑ ሲል አደረገው።

የመንግሥት ሕግ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው። አሜሪካ የጀልባ ደኅንነት ሕጓን ያወጣችው በ1971 ቢሆንም፣ ርዝመታቸው ከ26 ጫማ በታች የሆነና 3 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ነጂዎች ገመዷን እንዲያስሩ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። ለመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ 100 ዶላር፤ ልክ እንደ ቢቨር ሐይቅ መመዝገቢያ።

ጃኬቱም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ባወጣው ቁጥር መሠረት በ2022 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 636 ሰዎች ሞተዋል። የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው መካከል ከመቶ 75ቱ የሞቱት ሰጥመው ነው፤ ከሰጠሙትም ከመቶ 85ቱ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጃኬት እኮ ከጀልባ አይጠፋም። ሕጉም እንዲኖር ያዝዛል። ግን ከወንበር ሥር ታጥፎ ይቀመጣል፤ ሰው ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ከወንበር ሥር የሚያወጣለት የለም።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስሻገር ብርቱካናማዎቹ ጃኬቶች ከፊት ተቆልለው አየሁ። አንዲት እናት ተደግፈውባቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የነጂውን እጅ፣ ወገብ፣ ቀበቶ ተመለከትሁ፤ ገመድ የለም። በአጠገባችን በደንገል ታንኳ የሚያልፈው ሽማግሌ ከእኛ ይልቅ ያለ ሥጋት ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ታንኳቸው ቢጥላቸው እንኳ ተመልሶ የሚፈጭ ስለት የለውምና። «ጃኬቱን ብንለብስ ምን ይመስልዎታል?» ብዬ ከአጠገቤ ያሉትን አዛውንት ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ውኃው ዛሬ ተኝቷል» አሉኝ። እኔ ብቻዬን ለበስሁ። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው!

ለዓሣውም ቢሆን ነገሩ ተለውጧል። በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች የተያዘው ሁሉ ይሞት ነበር፤ የሞተ ዓሣ ክምርም ለፎቶግራፍ ይቀርብ ነበር። ስኮት ከ1972 ጀምሮ የተያዘው ዓሣ አየር በሚነፋበት የጀልባ ገንዳ ውስጥ በሕይወት ቆይቶ፣ ከተመዘነ በኋላ ወደ ሐይቁ እንዲለቀቅ አደረገ። የሞተ ዓሣ ያመጣ ከሚዛኑ ይቀነስበታል። ይህን ያደረገው ከርኅራኄ ነው ወይስ ሐይቁ ባዶ ከሆነ ውድድርም እንደማይኖር ስለገባው? መድን ሻጭ ነበርና ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። በ1984 ከማጥመጃ ዕቃና ከጀልባ ነዳጅ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዓሣ ሀብትና ለጀልባ ደኅንነት እንዲውል ያደረገው የዋሎፕና የብሮ ሕግ ሲወጣም ከደጋፊዎቹ አንዱ እርሱ ነበር።

ሬይ ስኮት በግንቦት 2022 በ88 ዓመቱ አረፈ፤ የገመዷ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑ ነው። ውድድሩ ዛሬም ንጋት ላይ ይጀመራል። ጀልባዎቹ በየቁጥራቸው ተሰልፈው ጉም በለበሰው ውኃ ላይ ይቆያሉ። ተቆጣጣሪው በየተራ ጃኬቱን ያያል፣ ገንዳውን ያያል፣ በመጨረሻም ነጂው ገመዷን እንዲስባት ያዝዘዋል። ሞተሩ ቀጥ ይላል። ተቆጣጣሪው እጁን ያወዛውዝና የሚቀጥለውን ይጠራል።