ዝምታ ፈቃድ አይደለም፦ የ«አክሳናር» ክርክር



የ«ስታር ትሬክ» አድናቂዎች ለአሥርተ ዓመታት የራሳቸውን ፊልም ሲሠሩ፣ የቅጂ መብቱ ባለቤቶች ባብዛኛው አይተው እንዳላዩ ያልፏቸው ነበር። «አክሳናር» የተሰኘው ሥራ ግን ከአድናቂዎች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ባለሙያ ተዋንያንን አሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ፓራማውንትና ሲቢኤስ በካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። በ2016 ደግሞ ለአድናቂዎች ፊልም ደንብ አወጡ፤ አንዱ ክፍል ከ15 ደቂቃ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብም ከ50,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰኑ። በ2017 መጀመሪያ ዳኛው «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚለውን መከላከያ ሳይቀበሉት ቀሩ፤ በዚያው ወር ተከራካሪዎቹ ታረቁ።

እንግዲህ የዘመናት ልማድ በሕግ ፊት መብት አልሆነም። አድናቂዎቹ መብት የመሰላቸው ነገር፣ ባለቤቱ በሻ ጊዜ የሚያነሣው ችሮታ ነበር። ደንቡም ችሮታውን በጽሑፍ አሰፈረ እንጂ ወደ መብት አልለወጠውም።