የኦኪናዋ ሊቃውንት ፎቶግራፎች እና የእኛ ጋሼ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ከሙያሽ ወጣ ያለ፣ ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ፋሲል ግንብ ወይም ስለ ኮሌጃችን አመሠራረት አላሰብኩም። ስለ እነሱ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል። ትዝ ያለኝ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ጠርዙ የተበላ አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። በ1992 እና በ1993 ዓ.ም. ግቢ የነበራችሁ እኛን ታስታውሱን ይሆናል። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጎንደር ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ከወንዶች ዶርም ጀርባ ባዶ እግራችንን እየጮህን እንቅልፍ እንነሳችሁ የነበርነው ካራቴ ተማሪዎች ነን። ዘግይቶም ቢሆን ይቅርታ።

አስተማሪያችን በሥራቸው የግቢው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ካራቴውን የተማሩት በወታደርነት ዘመናቸው አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ባልደረባቸው ነው። መጽሐፍ አልነበራቸውም። የነበራቸው ያ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ነጭ ልብስ የለበሱ ጃፓናዊ ሽማግሌ በስድስት ትንንሽ ፎቶግራፎች ላይ ቆመው ይታያሉ፤ ፊታቸው ግን ኮፒ ከኮፒ ሲገለበጥ ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። ጋሼ ወረቀቱን ከግንዱ ላይ በሚስማር ይሰቅሉና «ይህ ሰውዬ እንደናንተ ሐኪም ሊሆን ፈልጎ የቀረ ነው፤ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ» ይሉን ነበር። እኔ ለማበረታታት የተፈጠረ ወሬ ነበር የሚመስለኝ።

እውነት ኖሯል። ሰውዬው ፉናኮሺ ጊቺን ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጃፓን ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1868 ኦኪናዋ ውስጥ ሹሪ ከተማ ተወለደ። ቶኪዮ ለሚገኝ የሕክምና ትምህርት ቤት ፈተና ለመቀመጥ ዕድሜው ከተፈቀደው ያልፍ ስለነበር የልደት ዘመኑን 1870 ብሎ አስመዘገበ፤ ፈተናውንም አለፈ። ይህን ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። ችግሩ ጸጉር ነበር። የድሮው ሥርዓት ሰዎች በአናታቸው ላይ ቋጥረው የሚይዙትን ጸጉር መንግሥት ከልክሎ ስለነበር፣ ያልቆረጠ ትምህርት ቤት አይገባም። ቤተሰቡ ደግሞ አይቆረጥም አለ። በዚህ ምክንያት ሕክምናው ቀረ። ቆየት ብሎ በ1888 ረዳት መምህር ሲሆን ግን ጸጉሩን ቆረጠው፤ ቤት ውስጥ የተነሳውን ጩኸት ለእናንተ ግምት ልተወው። እንግዲህ ካራቴን ከደሴት አውጥቶ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ የእኛ ሙያ የሳተው ሰው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ፎቶግራፉ ነው። ያ ስድስት ምስል ከየት መጣ? ማን፣ ለምን አነሳው? ከተመረቅኩ በኋላ ሌሊት ተረኛ በምሆንባቸው ዓመታት ሕመምተኛው ጋብ ሲል የማነበው ይህንን ሆነ።

ካራቴ በኦኪናዋ ለረጅም ዘመን በምስጢር፣ በሌሊት፣ በግቢ ውስጥና በመቃብር ሥፍራ የሚሠራ ነገር ነበር። ወደ ቀን ብርሃን ካወጡት ሰዎች ዋነኛው ኢቶሱ አንኮ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤት አስገባው። ለዚህ መንገድ የከፈተው አንድ የሕክምና ምርመራ ነው ተብሎ ይተረካል። ወጣቶች ለውትድርና ሲመዘገቡ የመረመሯቸው ሐኪሞች የሁለት ልጆች ሰውነት አስገረማቸው፤ ሲጠይቋቸው ካራቴ ይሠራሉ። ልጆቹ ያቡ ኬንትሱ እና ሃናሺሮ ቾሞ ነበሩ። የሃናሺሮን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ1922 የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ቶኪዮ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ኦኪናዋን ወክሎ የሄደው ፉናኮሺ ነው፤ ይዞት የሄደው ደግሞ ሦስት ረጃጅም ጥቅልሎች ላይ የተለጠፉ ፎቶግራፎችን ነበር። አቋቋሙን፣ የእጅና የእግር ምቱን በምስል ደርድሮ። ቶኪዮ ውስጥ ካራቴ የሚባል ነገር የሚያውቅ ሰው እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ቃል አይበቃም ብሎ ማሰቡ የመምህር ብልሃት ነው። እዚያው ዓመት ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን በእጅ ሥዕል ነበር የታተመው። በመስከረም 1923 ቶኪዮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጽሐፉን ማተሚያ ሰሌዳዎች አጠፋቸው። በ1925 እንደገና ሲያሳትም ሥዕሉን ትቶ ራሱ ካሜራ ፊት ቆመ። ወደ ስልሳ የተጠጋ የትምህርት ቤት አስተማሪ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየሠራ፣ እየቆመ፣ ቀጥ ብሎ እየጠበቀ።

ምስል መሳሳትም እንደሚችል ያየሁት እዚያው ዘመን ላይ ነው። ሞቶቡ ቾኪ የሚባል ሌላ የኦኪናዋ ሰው ነበር፤ በመንገድ ላይ ጠብ የታወቀ፣ እንደ ፉናኮሺ አንደበቱ ያልተገራ። ይህ ሰው ኪዮቶ ውስጥ ከአንድ የውጭ አገር ቦክሰኛ ጋር ተጋጥሞ ጣለው። «ኪንግ» የተባለው እጅግ የተነበበ መጽሔት በ1925 ታሪኩን ሲያወጣ፣ የተሳለው ምስል የሞቶቡ ሳይሆን የፉናኮሺ ሆነና ቁጭ አለ! የሞቶቡ ቡጢ፣ የፉናኮሺ ፊት። ሁለቱ ድሮም አይዋደዱም ነበር። በተከታዩ ዓመት ሞቶቡ የራሱን መጽሐፍ አወጣ፤ በውስጡም እሱ ራሱ ከተጋጣሚው ጋር ተያይዞ ይታያል። ንዴቱ ነው ያስጻፈው ብዬ አልምልም፤ ግን እኔ ብሆን ያስጽፈኝ ነበር።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ የሚጥም አንድ ነገር ልጨምር። ሊቃውንቱን ደጃቸው ድረስ ሄደው ከመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የካራቴ ክበብ ልጆች፣ ከአስተማሪያቸው የተማሩት አልበቃ ብሏቸው፣ ወደ ኦኪናዋ ተሻግረው ሽማግሌዎቹን እየዞሩ ጠየቁ። ያገኙትን በ1930 በመጽሐፍ አሳተሙት። ከፉናኮሺ ጋር ግን በዚያው ሰሞን ተለያዩ፤ ልጆቹ መከላከያ ለብሰው የእውነት መጋጠም ፈለጉ፣ እሱ ደግሞ አልወደደም። ተማሪ ምንጊዜም ተማሪ ነው።

ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ናካሶኔ ጌንዋ የተባለ አሳታሚ ነው። በጥቅምት 1936 ሊቃውንቱ በናሃ ከተማ በአንድ ጋዜጣ ጋባዥነት ተሰብስበው የጥበቡ ስም «ባዶ እጅ» በሚለው ፊደል እንዲጻፍ ሲነጋገሩ ናካሶኔ ከመካከላቸው ነበር። ከዚያ ሰሞን የተረፈ አንድ የቡድን ፎቶግራፍ አለ። አራት ሽማግሌ ፊት ተቀምጠዋል፣ አራት ከኋላ ቆመዋል፤ ከተቀመጡት መካከል ኪያን ቾቶኩ፣ ያቡ ኬንትሱ፣ ሃናሺሮ ቾሞ አሉ። እኔ ይህንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ስለ ምርመራ ማሰብ አልተውም፤ የማን ትከሻ ዘምሟል፣ የማን አተነፋፈስ አጭር ይመስላል እያልኩ። የሙያ ልክፍት ነው። ናካሶኔ በ1938 ባሳተመው ትልቅ መድበል ውስጥ ብዙዎቹን ካታ ሲሠሩ አስነስቷቸዋል። ካታ ማለት ከማይታይ ባላጋራ ጋር በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራ ሙሉ ፍልሚያ ነው። ሃናሺሮ ቾሞ እዚያ ላይ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቶ «ጂኦን» የተባለውን ካታ ይሠራል። ያ በወጣትነቱ የጦር ሐኪሞችን ያስገረመው ሰውነት ሸምግሏል፤ እጁ ግን ያለ ቦታው አልተቀመጠም።

ከዚያ ሰባት ዓመት ነበር የቀረው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 1945 በኦኪናዋ የተደረገው ውጊያ ወታደርና ሰላማዊ ሰው ተደምሮ ከ200,000 በላይ ሰው ፈጀ። ሹሪ ቤተ መንግሥት ፈረሰ። ሃናሺሮ በዚያው ዓመት ሞተ። ኪያን ቾቶኩ ከውጊያው ተረፈና በመስከረም ወር፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት፣ በረሃብ በደከመ ሰውነት አረፈ፤ የደረሰውን ምግብ ለልጆች ይሰጥ ነበር ተብሎ ይነገራል። ሚያጊ ቾጁን ልጆቹን አጣ፤ ጥበቡን ያወርሰኛል ብሎ ያሰበውን ሺንዛቶ ጂንአንንም አጣ። ቶኪዮ ላይ የፉናኮሺ ማሠልጠኛ ቤት በአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ ልጁ ዮሺታካ በኅዳር 1945 በቲቢ ሞተ። ዮሺታካ የራጅ ቴክኒሻን ነበር። ለዓመታት የሌላውን ሰው ሳንባ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በራሱ ሳንባ ውስጥ ያለውን እያወቀ። ይህንን መጀመሪያ ያነበብኩ ሌሊት መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ተራመድኩ።

ታዲያ የናካሶኔ መድበል ባይታተም ሃናሺሮ ጂኦንን እንዴት ይሠራ እንደነበር በዓይናችን አናይም ነበር። ይህ ግን ፎቶግራፍ ሁሉን ያስቀራል ማለት አይደለም። ፎቶ የሚይዘው የመጨረሻውን አቋም ነው። ዳሌው መቼ እንደዞረ፣ ትንፋሹ የት እንደወጣ፣ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው በየት በኩል እንደተሄደ አይናገርም። አንድ ራጅ ብቻ አይተን «ሕመምተኛው ደህና ይራመዳል» አንልም አይደል? እኛ ግን ከግንዱ ሥር እንዲያ ነበር የምናደርገው። ስድስቱን ምስል እያየን በመካከላቸው ያለውን ከጋሼ አካል ላይ እንቀዳ ነበር። በእርግጥ ካራቴውን የያዙት እርሳቸው ነበሩ፤ ወረቀቱ ምስክር ነው።

የአቋሙም ነገር አለ። እኛ ስንማር ጭናችን እስኪንቀጠቀጥ ዝቅ ብለን ነበር የምንቆመው። በ1925ቱ የፉናኮሺ ፎቶግራፎች ላይ ግን አቋሙ ከፍ ያለ፣ ሰው መንገድ ላይ የሚቆመውን ዓይነት ነው። የሃናሺሮም እንዲሁ። ያ ጥልቅ አቋም የመጣው በኋላ፣ በዮሺታካ ትውልድ ነው። የእኔ ጉልበት ዛሬ ደረጃ ስወጣ የሚያሰማው ድምፅ የማን ውርስ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋሼ በስትሮክ ወደቁ። የግራ ጎናቸው ነው የተጎዳው፤ አንደበታቸው ደህና ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ ሰበብ ያደረግኩት ጤናቸውን ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሄድኩት ስለፈራሁ ነው። ከእርሳቸው የተማርነው ሃያ ሰው ብንሆን ነው፤ ከመካከላችን ዛሬም የሚሠራ ካለ አላውቅም። የሃናሺሮን ፎቶግራፎች በስልኬ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩና፣

«እኔ እንዲህ አልተማርኩም» አሉ።

«ጋሼ፣ ይህኛው እኮ የቆየው ነው።»

«ይሆናል። ሽማግሌ ስለሆነ ነው ከፍ ብሎ የቆመው። እኔስ አሁን ብቆም የት ዝቅ ልል ነው?»

ስለ 1925ቱ መጽሐፍ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መለስኩት። ምናልባት እርሳቸው ትክክል ናቸው፤ ፉናኮሺም ያኔ ልጅ አልነበረም።

በማግሥቱ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። እርሳቸው በረንዳ ላይ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፤ እኔ ግቢው ውስጥ በካልሲ ቆምኩ፤ ልጄ ስልኩን ያዘ። ጂኦንን ከሃያ ዓመት በላይ አልሠራሁትም ነበር። በየደረጃው ያስቆሙኛል። «ዳሌሽን! ዳሌሽን ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ልጅ፣ ትከሻሽን ማን ጠየቀሽ?» ከዘራው ወደ ጉልበቴ፣ ወደ ክርኔ ይጠቁማል። አሥራ አንድ ቁራጭ ቪዲዮ ተቀረጸ። በሁሉም ላይ የምታይው አንዲት ወፍራም የአርባ ምናምን ዓመት ሴት ስትሳሳት ነው፤ የምትሰሚው ግን የእርሳቸውን ድምፅ ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ ካታው መካከል አካባቢ፣ እርሳቸውም አቅጣጫው ጠፋባቸው። ቀኝ እጃቸውን አንስተው በአየር ላይ ሞከሩት፣ ደገሙት፣ ከዚያ «ተይው፣ ነገ ይመጣልኛል» አሉ። አልመጣላቸውም እስካሁን። ያቺን ቦታ ከመጽሐፍ አይቼ መሙላት እችላለሁ፤ ግን የመጽሐፉ ትሆናለች እንጂ የእርሳቸው አትሆንም፤ ስለዚህ ክፍት ትቼዋለሁ።

በዚያ ዘመን የተነሳ አንድ የክበባችን ፎቶግራፍ እኔ ጋ አለ። ዘጠኝ ነን፣ ሴቶቹ ሁለት። ጋሼ የሉበትም፤ ካሜራው የንብረት ክፍሉ ስለነበር ሌላ ሰው እንዲነካው ስላልፈለጉ ያነሱት እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ስለነበር ፀሐይዋ ከኋላቸው ናት፤ ከእግራችን ሥር ረጅም ጥላቸው ብቻ ይታያል። በአርባዎቹ ዕድሜያቸው፣ ሙሉ ጉልበት ሳሉ፣ ሲሠሩ የሚያሳይ ፎቶ ቤታቸውም የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ስለዚህ ከ1990 እስከ 1996 ዓ.ም. ግቢ የነበራችሁ፣ ስፖርተኛ ባትሆኑም፣ እስቲ አልበማችሁን ገልጡት። የምረቃ ሰሞን፣ የስፖርት ሳምንት፣ የትርኢት ቀን ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ከዳር በኩል ነጭ የካራቴ ልብስ የለበሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ጢሙ የተከረከመ ሰው ካለ እርሳቸው ናቸው። ደብዛዛም ቢሆን፣ ግማሽ ፊትም ቢሆን ለዳግም መገናኛው ቀን ይዛችሁልኝ ኑ፤ እዚያው በስልክ አንስቼ ወዲያው እመልስላችኋለሁ። ጋሼም በዚያ ቀን እንዲመጡ ተነጋግረናል፤ የሚመጡት በተሽከርካሪ ወንበር ስለሆነ ከአዳራሹ ይልቅ ሜዳው ላይ፣ ከድሮው ዶርም ጀርባ ብትፈልጉን ይሻላል።