ከአቡ ቁበይስ ተራራ የተሰማው አቤቱታ

ዕቃ ሸጦ ዋጋውን የተከለከለ ነጋዴ ምን ያድርግ? ዛሬ መልሱን ከታሪክ እንፈልጋለን።

ዘመኑ ጃሂሊያ፣ ዓመቱም 590 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። አንድ የመን ሰው መካ መጥቶ ዕቃውን ለዓስ ኢብን ዋኢል ሸጠ። ዓስ ከቁረይሽ ታላላቆች አንዱ ነበርና ዕቃውን ተረክቦ ዋጋውን ከለከለው። እንግዳው ደጅ የጠናቸው ጎሳዎችም ከዓስ ጋር መጣላት ስላልፈለጉ አባረሩት። በዚህ ጊዜ ቁረይሾች ካዕባ ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን በግጥም ጮኾ አሰማ።

ዝም ብለው ያላለፉት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ዙበይር ኢብን ዓብዱልሙጦሊብ ነበሩ። የተወሰኑ ጎሳዎች በዓብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ ተበዳዩ የመካ ሰውም ይሁን እንግዳ፣ ሐቁ እስኪመለስ ከጎኑ ሊቆሙ ተማማሉ። ይህ ቃል ኪዳን «ሒልፈል ፉዱል» ይባላል። ከዚያም ዓስ ዘንድ ሄደው ዕቃውን አስመለሱ። የ20 ዓመት ወጣት የነበሩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በስፍራው ተገኝተዋል። በእስልምና ዘመን እንኳ በዚያ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ኋላ ተናግረዋል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከዓመታት በኋላ ሰሓባው አንጥረኛ ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) ለዚሁ ዓስ ሠርተው ዋጋቸውን ጠየቁ። ዓስ በሙሐመድ ካልካድህ አልከፍልም አለ። እምቢ ሲሉት፣ ከሞት ስነሣ ያኔ እከፍልሃለሁ ብሎ አላገጠባቸው። የሱረቱ መርየም 77ኛው አንቀጽና ተከታዮቹ የወረዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ልብ እንበል፤ ባለ ዕዳው አንድ ሰው ነው። የየመኑ ሰው ሐቅ የተመለሰው ሰዎች በመሐላ ስለተነሡለት ነው። የሰው ደግነት ግን አንድ ቀን ይገኛል፣ ሌላ ቀን ይታጣል። በመዲና የወረደው የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖረው ያዘዘበት አንዱ ጥበብ ይህ ነው።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሰጠው እንደ ጋብቻ፣ ውርስና ወቅፍ ያሉ ጉዳዮችን ነው፤ የንግድ ዕዳ መደበኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ልኩ ለታወቀ የገንዘብ ዕዳ በአንቀጽ 284 አጭር የክስ መንገድ ከፍቷል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ ምክንያቱን በመሐላ አቅርቦ ካልተፈቀደለት መከራከር አይችልም። በዚያ ደጅ የሚናገረው የተፈረመ ወረቀት ነው።

የቸገረውን ባለ ዕዳ እንታገሠው፤ ይህ የቁርኣን ትእዛዝ ነው። እያለው የሚያጉላላውን ግን በሕግ መጠየቅ ስስት አይደለም፤ በደልን መከልከል ነው። አላህ ሐቅን ከሚመልሱት ያድርገን።