አሌክሳንደር ፓንቴጅስ፤ ባለ ቲያትር ቤቱና ቤተሰቡ

አሌክሳንደር ፓንቴጅስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ 30 ዓመታት በአሜሪካና በካናዳ ምዕራባዊ ክፍል ስመ ጥር የነበረ ባለ ቲያትር ቤት ነው (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሀብት ያፈራበት «ቮድቪል» በአንድ ትኬት ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ አስማተኛውና የሠለጠነ ውሻ ሳይቀር ተራ በተራ መድረክ የሚወጡበት ትርዒት ነበር።

ፓንቴጅስ የተወለደው በግሪክ አንድሮስ ደሴት ነው። በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ መርከብ ላይ ሠራ፤ ፓናማ ላይ ወባ ያዘው፤ ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። የወርቅ ወሬ ሲናፈስ ወደ ካናዳዋ ዶውሰን ቢዘምትም፣ ወርቅ ከመቆፈር ይልቅ ቆፋሪዎቹን ማዝናናት እንደሚያዋጣ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። በ1902 ሲያትል ገብቶ «ክሪስታል» የተባለ ትንሽ ቲያትር ቤት ከፈተ። ማንበብና መጻፍ እምብዛም አይችልም ነበር፤ የተመልካቹን ፊት ማንበብ ግን ያውቅበታል።

በዶውሰን ዘመኑ አብራው የነበረችው ዳንሰኛ ኬት ሮክዌል በ1905 «ሊያገባኝ ቃል ገብቶ ከዳኝ» ስትል 25 ሺሕ ዶላር ጠይቃ ከሰሰችው። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። እሱ ያገባው ቫዮሊን ተጫዋቿን ሎይስ ሜንደንሆልን ነበር።

1929 ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ የመታ ዓመት ነው። ሎይስ በመኪና ሰው ገድላ በነፍስ ማጥፋት ጥፋተኛ ብትባልም በገደብ ተለቀቀች። በዚያው ዓመት የ17 ዓመት ዳንሰኛ ትርዒቴን ተቀበለኝ ልትል ሎስ አንጀለስ ቲያትር ቤቱ በሄደችበት አስገድዶ ደፈረኝ ስትል ከሰሰችው። የጁሪው ፍርድ ጥፋተኛ ነው የሚል ሆነ፤ ቅጣቱም እስከ 50 ዓመት የሚደርስ እስራት።

የሕግ ሰው ፓንቴጅስን የሚያውቀው ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ነው። በጠበቃው ጄሪ ጊስለር ይግባኝ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1931 ፍርዱን ሻረ። ምክንያቱም የመከላከያው ወገን የልጅቷን የቀድሞ የፆታ ሕይወት አንስቶ ተአማኒነቷን እንዳይፈትን መከልከሉ ነበር። በድጋሚ ችሎት ነፃ ወጣ። የግል ተበዳይን ታሪክ ራሱን ለችሎት የማቅረብ ይህ አካሄድ ለ40 ዓመታት ያህል ሴቶችን ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሲያስቀር ቆይቶ፣ ካሊፎርኒያ በ1974 ባወጣችው ሕግ ጥብቅ ገደብ ተደረገበት። ከክሱ ጀርባ ጆሴፍ ኬኔዲ አለበት የሚለው ወሬ ዛሬም ይደጋገማል። በማስረጃ ያረጋገጠው ግን የለም፤ ከዚያም አልፎ ወሬው ልጅቷን ተከሳሽ ያደርጋታል።

ፓንቴጅስ ቁልፍ ቲያትር ቤቶቹን ለአር.ኬ.ኦ. ኩባንያ ሸጦ በ1936 ሞተ። አርክቴክቱ ማርከስ ፕሪቴካ የነደፋቸው የታኮማው (1918) እና የሆሊውዱ (1930) ሕንጻዎች ግን ዛሬም በስሙ ይጠራሉ፤ በሆሊውዱ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ይታያሉ።

ልጁ ካርመን ያገባችው የፊልም ፕሮዲዩሰሩን ጆን ኮንሲዳይን ልጅየውን ነው። የባሏ አባት ደግሞ ሲያትል ውስጥ ከፓንቴጅስ ጋር ለዓመታት ተመልካች ሲሻማ የኖረው ባለ ቲያትር ቤት ጆን ኮንሲዳይን ነበር። የሁለቱ ባላንጣዎች የጋራ የልጅ ልጆች፣ ጆንና በ2022 የሞተው ቲም ኮንሲዳይን፣ ተዋናዮች ሆኑ።