የሮበርስ ኬቭ ሙከራ
የሮበርስ ኬቭ ሙከራ የቱርክ ተወላጁ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ያካሄዱት፣ የቡድኖችን ግጭትና ዕርቅ የመረመረ ጥናት ነው። ቀድሞ የማይተዋወቁና አስተዳደጋቸው ተመሳሳይ የሆነ 22 ወንድ ልጆች በበጋ ካምፕ ውስጥ በሁለት ቡድን ተከፍለው «ራትለርስ» እና «ኢግልስ» የሚል ስም አወጡ።

ለሽልማት መወዳደር ሲጀምሩ ስድብ፣ ባንዲራ ማቃጠልና የመኝታ ቤት ወረራ ተከተለ። አብሮ መብላት ብቻውን ጠቡን አላበረደውም። የተቋረጠ ውኃን ማስመለስን የመሳሰሉ፣ አንዱ ቡድን ለብቻው የማይወጣቸው ሥራዎች ግን ቀስ በቀስ አቀራረቧቸው።

ውጤቱ የቡድን ጠላትነት በውስን ጥቅም ላይ ከሚደረግ ፉክክር ይመነጫል ለሚለው ንድፈ ሐሳብ ዋና ማስረጃ ሆነ። በአንጻሩ የተሳታፊዎቹ ማነስ፣ ልጆቹ ሳያውቁ መጠናታቸውና የተመራማሪዎቹ ጣልቃ ገብነት ጥናቱን ለትችት ዳርገውታል።