የባራቲዬሪ ሁለት እርምጃ

ስለ ዓድዋ ድል ስንጽፍ ጄኔራል ባራቲዬሪን ሞኝ አድርገን መሣል የተለመደብን ስሕተት ነው። ጠላትን ማሳነስ ድሉንም እንደሚያሳንሰው እንዘነጋለን፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በወጣትነቱ ከዚሁ ስሕተት ነጻ አልነበረም።

የካቲት 21 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ባራቲዬሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ የማፈግፈግን ሐሳብ ሲያነሣ፣ የሁለቱም ጦር ስንቅ እየተሟጠጠ ነበር። ሁለቱም ወገን ሌላው ቀድሞ እንዲያጠቃ ወይም እንዲበተን ይጠባበቃል። ከሮማ የክሪስፒ የነቀፌታ ቴሌግራም ደርሷል፤ ጄኔራሎቹም ማፈግፈግን ተቃወሙ። በመጨረሻ የተወሰነው በሌሊት ገሥግሦ ከዓድዋ ፊት ለፊት ያሉትን ኮረብቶች መያዝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ቢያጠቁ ከፍታው ለኢጣልያኖች ይረዳል፤ ባያጠቁ ክብርን ሳያጡ መመለስ ይቻላል። ይህ የሞኝ ስሌት አይደለም።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬይንስ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ዓይነት ስሌት ሲጽፍ የጋዜጣ የቁንጅና ውድድርን በምሳሌነት አነሣ፦ ከመቶ ፎቶግራፎች ስድስቱን የሚመርጥ ተወዳዳሪ የሚያሸንፈው ሌሎች ይመርጣሉ ብሎ የገመተውን ሲመርጥ ነው፤ ሌሎቹም እንዲሁ ይገምታሉ። ሮዘማሪ ናገል በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ተሳታፊዎች ከ0 እስከ 100 ቁጥር መረጡ፤ አሸናፊው ከአማካዩ ሁለት ሦስተኛ ጋር የሚቀራረበው ነው። ሐሳቡ እስከ መጨረሻው ቢገፋ መልሱ 0 ይሆናል። አብዛኛው ሰው ግን ከአንድ ወይም ከሁለት እርምጃ አላለፈም።

ባራቲዬሪም እዚያው ላይ ቆመ። ምኒልክ ምን እንደሚያደርጉ አሰበ፤ እርሱ ምን እንዲያምን እንደሚፈልጉ ግን አላሰበም። የኢትዮጵያ ጦር ምግብ ፍለጋ ተበታትኗል የሚለውን ወሬ ባሻ አውዓሎም ወደ ኢጣልያኖች እንዳደረሰ ይተረካል። (በሰንጠረዥ ጨዋታችን፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ያለ ተራ በሚያንቀሳቅስበት በ«ወረራ» ጊዜ፣ ብልህ ተጫዋች ከራሱ ጠጠር ይልቅ የባላጋራውን እጅ ያያል።)

የካርታው ስሕተት አልበርቶኔን ከሌሎቹ ነጥሎ ወደ ፊት እንደወሰደው የታወቀ ነው፤ ሽንፈቱን ሁሉ በካርታ ማሳበብ ግን አይቻልም። በሰኔ 1896 እ.ኤ.አ. አስመራ ላይ የተሰየመው የጦር ፍርድ ቤት ባራቲዬሪን ከወንጀል ነጻ ቢያወጣውም ለሹመቱ ብቁ እንዳልነበረ ገለጸ። በዚህ በሁለተኛው ብያኔ አልስማማም፤ ከሱ የተሻሉ የተባሉት ጄኔራሎቹ በዚያ ምሽት የመከሩት ከዚህ ያነሰ ርቀት አስበው ነው።